ሰርቮ ሞተርን መምረጥ፣ ማገናኘትና ማስተካከል፦ ከአንድ የቦል ስክሩ አክሲስ ስሌት እስከ ጌይን

ሰርቮ አክሲስ (ቦታው እየተለካ በሚታረም ሞተር የሚነዳ የማሽን እንቅስቃሴ) ሲንቀጠቀጥ፣ ሲጮህ ወይም ቦታውን ሲስት ብዙ ባለሙያ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ፓራሜትር፣ ማለትም ሞተሩን በሚነዳው ድራይቭ ውስጥ ወዳሉት የማስተካከያ ቁጥሮች ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት የተፈጸመ ነው። ሞተሩ ሲመረጥ ኢነርሺያው አልተሰላም፣ የኮፕሊንጉ (የሞተሩን ዘንግ ከስክሩው ጋር የሚያገናኘው) ብሎን ላልቷል፣ ወይም የኢንኮደሩ (የዘንጉን መዞር የሚለካው) ኬብል ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ ተሰዷል። እንዲህ ያለውን ነገር በጌይን (ድራይቩ ለስህተት ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመልስ በሚወስነው ቁጥር) ማዳን አይቻልም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላል፦ ስሌቱ፣ መካኒኩ (ሜካኒካል ክፍሉ)፣ ገመዱ፣ ከሁሉም በኋላ ጌይኑ።

ለምሳሌ የምንይዘው በቦል ስክሩ (መዞርን ወደ ቀጥታ ጉዞ በሚለውጥ ጠመዝማዛ ዘንግ) የሚነዳ አግድም ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ከነጭነቱ 60 ኪሎ ይመዝናል። 300 ሚሊሜትር በ0.9 ሰከንድ ተጉዞ 0.6 ሰከንድ ይቆማል፤ ዙሩ በጠቅላላ 1.5 ሰከንድ ነው። ስክሩው ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 800 ሚሊሜትር፣ ሊዱ (በአንድ ዙር የሚያራምደው ርቀት) 10 ሚሊሜትር ነው።

መጀመሪያ፦ ሰርቮ ያስፈልጋል ወይ?

ጭነቱ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ ብቻ የሚሄድ ከሆነና መሀል ላይ መቆም የማይኖርበት ከሆነ፣ የአየር ሲሊንደር ርካሽ ነው፤ ጥገናውም ቀላል ነው። ቀበቶ ወይም ፓምፕ በተለያየ ፍጥነት ማዞር ብቻ ከተፈለገ ተራው ባለ 3 ፌዝ ኢንዳክሽን ሞተር ከኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መለወጫ) ጋር ይበቃል። ባለ 4 ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ 1500 ዙር በደቂቃ የሚዞር መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ዘንጉ ግን ጭነት ሲኖረው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 1440 አካባቢ ይዞራል።

የተለመደው ስቴፐር (በእርምጃ የሚዞር) ሞተር በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ እያንዳንዱ 1.8 ዲግሪ ነው። በዝግታ ሲዞር ጉልበቱ ጥሩ ነው፤ ፍጥነቱ ከ600 እስከ 1000 ዙር በደቂቃ ሲያልፍ ግን ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) በጣም ይወርዳል። ትልቁ ችግሩ ኢንኮደር የሌለው ስቴፐር እርምጃ ሲዘል ማንም አለማወቁ ነው፤ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው መቆጣጠሪያ) ደርሷል ብሎ ያምናል፣ ጠረጴዛው ግን ወደኋላ ቀርቷል። የእኛ ምሳሌ 3000 ዙር በደቂቃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰርቮ ነው።

ድራይቩ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ሰርቮ ድራይቭ ሦስት ሉፖች (እየለኩ የሚያርሙ የቁጥጥር ዑደቶች) አሉት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። የውስጠኛው የከረንት ሉፕ ነው፤ በሞተሩ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት፣ ማለትም ቶርኩን ይቆጣጠራል። ከእሱ ውጭ የፍጥነት ሉፕ አለ፤ ከኢንኮደሩ የተነበበውን ፍጥነት ከታዘዘው ጋር አነጻጽሮ ምን ያህል ቶርክ እንደሚያስፈልግ ይወስናል። የውጭው የፖዚሽን ሉፕ ነው፤ ቦታው ምን ያህል እንደቀረው አይቶ ለፍጥነት ሉፑ ትእዛዝ ይሰጣል።

የውስጠኛው ሉፕ ሁልጊዜ ከውጭው ብዙ እጥፍ መፍጠን አለበት፤ በተግባር 4 እጥፍና ከዚያ በላይ። የፖዚሽን ጌይኑን ከፍጥነት ሉፑ አቅም በላይ ካሳደጉት ድራይቩ ያልደረሰ ፍጥነትን ደጋግሞ ያዛል፤ ጠረጴዛውም መድረሻውን አልፎ ይመለሳል። የከረንት ሉፑን አምራቹ ለሞተሩ አስተካክሎት ይመጣል፤ አይነካም። ዋናው ሥራችን የፍጥነት ሉፑ ላይ ነው።

ስሌቱ

300 ሚሊሜትሩን በሦስት እኩል ጊዜ እንከፍለዋለን፦ 0.3 ሰከንድ ማፍጠን፣ 0.3 ሰከንድ በቋሚ ፍጥነት፣ 0.3 ሰከንድ ፍጥነት መቀነስ። እንዲህ ሲሆን ከፍተኛው ፍጥነት የአማካዩ 1.5 እጥፍ ነው። 300 ለ0.9 ሲካፈል 333 ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 500 ሚሊሜትር በሰከንድ። ሊዱ 10 ሚሊሜትር ስለሆነ ስክሩው በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል። ይህ የብዙ ትናንሽ ሰርቮ ሞተሮች የተመደበ ፍጥነት ነው።

ቀጥሎ ኢነርሺያ ይሰላል፤ ኢነርሺያ የሚዞር ነገር ፍጥነቱ እንዳይለወጥ የሚያሳየው እምቢታ ነው። በኪሎግራምና በሴንቲሜትር ስኩዌር ከሠራነው ቁጥሮቹ ለእጅ ይመቻሉ።

የጠረጴዛው፦ ሊዱ 1 ሴንቲሜትር ለ6.28 ሲካፈል 0.159፤ በራሱ ሲባዛ 0.0253፤ በ60 ኪሎ ሲባዛ 1.52።
የስክሩው፦ ክብደቱ 1.97 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግማሹ በሬዲየሱ ስኩዌር (1 ሴንቲሜትር) ሲባዛ 0.99።
የኮፕሊንጉ፦ 0.1 ገደማ፤ ከካታሎጉ ይነበባል።
ድምር፦ 2.6 ኪ.ግ·ሴ.ሜ²።

ለማፍጠን የሚያስፈልገው ቶርክ ኢነርሺያው በማዕዘናዊ ፍጥንጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። 3000 ዙር በደቂቃ ማለት 314 ራዲያን በሰከንድ ነው፤ በ0.3 ሰከንድ ሲደረስ 1047 ራዲያን በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። የሞተሩ የራሱ ኢነርሺያም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። 1.13 ኪ.ግ·ሴ.ሜ² ያለው ባለ 750 ዋት ሞተር ብንይዝ ጠቅላላው 3.73 ነው። ወደ ሜትር ሲቀየር 0.000373 ይሆናል፤ በ1047 ሲባዛ 0.39 ኒውተን ሜትር። ለሰበቃና ለስክሩው ፕሪሎድ (ክፍተት እንዳይኖር አስቀድሞ የተሰጠ ግፊት) 0.15 እንጨምርና ከፍተኛው 0.54 ኒውተን ሜትር ይሆናል።

ፍጥነት ሲቀንስ ሰበቃው ስለሚያግዝ የሚያስፈልገው 0.24 ነው፤ በቋሚ ፍጥነት 0.15፤ ሲቆም ምንም። የዙሩን ውጤታዊ አማካይ ለማግኘት እያንዳንዱን ቶርክ በራሱ አባዝቶ በቆየበት ጊዜ ማባዛት፣ መደመር፣ ለ1.5 ሰከንድ ማካፈል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። ውጤቱ 0.27 ኒውተን ሜትር ነው። ሞተሩ መጋሉን ወይም አለመጋሉን የሚወስነው ይህ ቁጥር እንጂ ከፍተኛው አይደለም።

ባለ 400 ዋት ሰርቮ የተመደበ ቶርኩ 1.27 ኒውተን ሜትር ነው፤ ባለ 750 ዋቱ 2.39። በቶርክ ብቻ ከሄድን 400 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን የብዙ ባለ 400 ዋት ሞተሮች ሮተር (የሚዞረው የሞተሩ ክፍል) ኢነርሺያ 0.28 አካባቢ ነው። የጭነቱ 2.6 ስለሆነ ጭነቱ የሮተሩ 9 እጥፍ ይሆናል። በ750 ዋቱ ግን 2.3 እጥፍ ብቻ ነው። ቦል ስክሩ ከሞተር ጋር በቀጥታ ሲገጠም ከ5 እጥፍ በታች ሲሆን ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ 10 እጥፍ አካባቢ ሲደርስ ይሠራል፣ ግን ጌይኑን ከፍ ማድረግ ስለማይቻል ጠረጴዛው ከደረሰ በኋላ ረግቶ ለመቆም ጊዜ ይወስዳል። 1.5 ሰከንድ ዙር ላለው ማሽን ይህ ውድ ነው። እኛ 750 ዋቱን እንመርጣለን፤ ከዋጋ ልዩነቱ የሚበልጥ ጊዜ በማስተካከል ላይ ይተርፋል።

ሊዱን ወደ 5 ሚሊሜትር መቀነስስ? የጠረጴዛው ኢነርሺያ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ግን 6000 ዙር ይገባል፤ አይሆንም። ስክሩውን ወደ 16 ሚሊሜትር ማቅጠን? ኢነርሺያው በዲያሜትሩ 4ኛ ርቢ ስለሚሄድ ከ0.99 ወደ 0.4 ይወርዳል። ግን ቀጭን ስክሩ በፍጥነት ሲዞር እንደ ገመድ ይወዛወዛል፤ በ800 ሚሊሜትር ርዝመት 3000 ዙር ከሚፈቀደው ወሰን ጋር በጣም ይቀራረባል። 20 ሚሊሜትሩ ይቆይ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ አንድ ነገር ይጨመራል። አምራቾች የሚጽፉት አቅም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የሚወስደው ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ለየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ መቀነስ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስላለች 13 በመቶ ያህል ይቀነሳል። ለዚህ ጠረጴዛ ግድ የለም፤ ውጤታዊ ቶርኩ ከተመደበው 90 በመቶ ለሚደርስ አክሲስ ግን ልዩነቱ ሞተሩ መሥራቱና አላርም መስጠቱ ነው። አንዳንድ ድራይቮች ከ2000 ሜትር በላይ ጨርሶ አይፈቀዱም፤ ከመግዛትዎ በፊት ማኑዋሉን ያንብቡ።

መካኒኩን መግጠም

ኮፕሊንግን በመዶሻ እየመቱ በሞተሩ ዘንግ ላይ ማስገባት ፈጽሞ አይደረግም። ኢንኮደሩ ከዘንጉ ጀርባ ተያይዟል፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ዲስኩና ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል። ሞተሩ በዚያው ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን የኢንኮደር አላርም አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ማንም ከመዶሻው ጋር አያገናኘውም። ኮፕሊንጉ በእጅ ግፊት ካልገባ ቀዳዳውን ይለኩ።

በብሎን ጫፍ ዘንጉን የሚወጋ ኮፕሊንግ አይጠቀሙ፤ በሰርቮ ወዲያ ወዲህ መመላለስ ይላላል። ዙሪያውን የሚጨብጥ፣ ፕሌይ የሌለው የዲስክ ወይም የቤሎው ኮፕሊንግ ይሻላል። ዘንጉን በአልኮል ከዘይት ያጽዱ፤ ብሎኑን አምራቹ በጻፈው ቶርክ ያጥብቁ። ከዚያ በማርከር ከዘንጉ ጀምሮ ኮፕሊንጉን ተሻግሮ እስከ ስክሩው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። መስመሩ ነገ ተሰብሮ ካዩት ኮፕሊንጉ ተንሸራቷል ማለት ነው።

የሁለቱን ዘንጎች መስመር በዳያል ጌጅ ይፈትሹ፤ ጎን ለጎን መሳሳቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች እንዲሆን ይሞክሩ። ሞተሩን ሳያስሩ ስክሩውን በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ከከበደ ሬሉ (ጠረጴዛው የሚንሸራተትበት ሐዲድ) ትይዩ አይደለም፤ እሱ ሳይስተካከል ወደ ኤሌክትሪክ አይኬድም።

ገመዱ

በኢትዮጵያ የተለመደው 3 ፌዝ 380 ቮልት፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ነው። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ድራይቮች ደግሞ የ220 ቮልት ናቸው። የተርሚናል ብዛታቸው 3 ስለሆነ ብቻ 380 የሚያስገባባቸው ሰው አለ፤ ኃይል በገባበት ቅጽበት ይቃጠላሉ። ባለ 750 ዋት የ220 ቮልት ድራይቭ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፌዝና ከኒውትራል ይሠራል። ከፍ ላሉት ከ380 ወደ 220 የሚያወርድ ባለ 3 ፌዝ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ስያሜ ሰሌዳውን ሳያነቡ ብሬከር አይነሳም።

ከድራይቩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩ ቦታቸው አይለዋወጥም። በኢንዳክሽን ሞተር ሁለቱን ማለዋወጥ አቅጣጫ ይለውጣል፤ በሰርቮ ግን ኢንኮደሩና ጥቅሉ ስለማይጣጣሙ ሞተሩ ይነዝራል ወይም ሳይታዘዝ ይፈተለካል። አቅጣጫ የሚለወጠው በፓራሜትር ነው። በዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩ መስመር ላይ ኮንታክተር ወይም ካፓሲተር አይግባ።

የኢንኮደር ኬብል ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ የተጠማዘዙና ሺልድ (የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለው ይሁን። ከሞተሩ ኬብል ቢያንስ በ20 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገር። የሞተሩን ኬብል ሺልድ በቀጭን ሽቦ አስረዝሞ ማሰር ጥቅሙን ያጠፋዋል፤ ልጠው ዙሪያውን በብረት ክላምፕ ከፓኔሉ ፕሌት ጋር፣ ቀለም በሌለበት ቦታ ያጣብቁት።

ሞተሩ ብሬክ ካለው 24 ቮልት ዲሲ ይፈልጋል፤ ከሴንሰሮቹ የተለየ ፓወር ሰፕላይ ይስጡት፤ በጥቅሉ ላይም የቮልቴጅ ዝላይ የሚውጥ ዳዮድ ወይም ቫሪስተር ያስሩ። ይህ ብሬክ የቆመን ጭነት ለመያዝ እንጂ የሚሮጥን ለማቆም አልተሠራም። ቀጥ ብሎ በሚወርድ አክሲስ ላይ ሁለት የጊዜ ፓራሜትሮች ወሳኝ ናቸው፦ ሲነሳ ቶርኩ ከተገነባ በኋላ ብሬኩ ይለቃል፣ ሲቆም ብሬኩ ከያዘ በኋላ ቶርኩ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጭነቱ በየማቆሚያው ጥቂት ሚሊሜትር ይወርዳል። ኤስቲኦ የሚባለው የደህንነት መግቢያም ቶርክ ያቋርጣል እንጂ ጭነት አይይዝም፤ ቀጥ ባለ አክሲስ ስር እጅ ከመግባቱ በፊት ጭነቱ በብረት ይደገፍ።

የሊሚት ስዊቾቹ በተለምዶ የተዘጉ ይሁኑ፤ ሽቦ ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል። የድራይቩ ሽፋን ከመከፈቱ በፊት ኃይሉን አጥፍተው በማኑዋሉ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቁ፤ እንደ ድራይቩ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይሆናል። 220 ቮልት ሲገባ በውስጥ ካፓሲተሮች ላይ 310 ቮልት ዲሲ ገደማ፣ 380 ሲገባ 540 ገደማ ይቀመጣል። መብራቱ መጥፋቱን አይመኑ፤ በመልቲሜትር ይለኩ።

የመጀመሪያ ሩጫ

ኮፕሊንጉ ሳይታሰር ይጀምሩ። የሞተሩ ኮድ በድራይቩ መመዝገቡን ያረጋግጡ። የቶርክ ወሰኑን ወደ 30 በመቶ ዝቅ አድርገው በ100 ዙር በደቂቃ ጆግ ያድርጉ (ለሙከራ በእጅ ትእዛዝ ያዙሩት)፤ ዘንጉ ያለ ድምፅ፣ ያለ መርገጥ መዞር አለበት። አቅጣጫውን ይመዝግቡ። ሊሚት ስዊቾቹን በእጅ እየነኩ ድራይቩ በትክክለኛው ወገን ማቆሙን ይመልከቱ፤ የግራው በቀኝ ተገልብጦ ከተገናኘ ጠረጴዛው ሲጋጭ ነው የሚታወቀው። ከዚያ ኮፕሊንጉን ያስሩና በዝግታ ይድገሙት።

ትእዛዙ ከፒኤልሲ በፐልስ የሚመጣ ከሆነ የኤሌክትሮኒክ ጊር (የፒኤልሲውን ፐልስ ወደ ኢንኮደር ቆጠራ የሚቀይር ሬሾ) ይሰላል። ባለ 20 ቢት ኢንኮደር በአንድ ዙር 1,048,576 ይቆጥራል። አንድ ፐልስ 1 ማይክሮን እንዲሆን ከፈለግን በዙር 10,000 ፐልስ ያስፈልጋል፤ በ50 ዙር በሰከንድ 500,000 ፐልስ ይሆናል። ይህ የብዙ ድራይቮች የላይን ድራይቨር (በሁለት ተቃራኒ ሽቦ ፐልስ የሚቀበል) መግቢያ ጣሪያ ነው፤ ቀላሉ የኦፕን ኮሌክተር መግቢያ ደግሞ 200,000 አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ፐልስ 2 ማይክሮን እናድርገው፤ በዙር 5,000፣ በሰከንድ 250,000። ጊሩ 1,048,576 ለ5,000 ነው፤ ሲቃለል 131,072 ለ625። ክፍልፋዩን በክፍልፋይነቱ ያስገቡ እንጂ ወደ አስርዮሽ አይቁረጡት፤ የተቆረጠችው ክፍል በየዙሩ ትጠራቀማለች።

ጌይን ማስተካከል

አውቶ ቱኒንግ (ድራይቩ ጌይኑን በራሱ ሲያስተካክል) ጥሩ መነሻ ነው፤ በተለይ የኢነርሺያ ሬሾውን ስለሚለካ። እኛ ካሰላነው 2.3 በጣም የራቀ ቁጥር ካመጣ ወይ ስሌቱ ወይ መካኒኩ ተሳስቷል፤ ምክንያቱ ሳይገኝ አይለፉት። ሬሾው በአንዳንድ ድራይቭ 2.3፣ በሌላው 230 በመቶ ተብሎ ይገባል። የጌይን መለኪያም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በኸርዝ፣ ሌላው በራዲያን በሰከንድ ይጽፋል፣ ልዩነቱ 6.28 እጥፍ ነው። ከአንድ ማሽን የተቀዳ ቁጥር በሌላው ላይ የሚያስጮኸው በዚህ ነው።

ከዚያ በእጅ፦

1. የድራይቩን ሶፍትዌር ስኮፕ (መለኪያዎቹን በግራፍ የሚያሳየውን) ይክፈቱ። የታዘዘ ፍጥነት፣ እውነተኛ ፍጥነት፣ ቶርክና የፖዚሽን ስህተት አንድ ላይ ይታዩ።
2. የፍጥነት ሉፑን ኢንቴግራል ጊዜ (የተጠራቀመ ስህተት የሚታረምበትን ጊዜ) ወደ 100 ሚሊሰከንድ ያርቁ። የፖዚሽን ጌይኑ ዝቅ ይበል።
3. የፍጥነት ጌይኑን በ10 በመቶ በ10 በመቶ ያሳድጉ። እጅዎን በሚቆመው የማሽኑ አካል ላይ ያድርጉ፤ ቀጭን ጩኸት ከመሰማቱ በፊት ንዝረቱ ለእጅ ይታወቃል። ያን ጊዜ ያቁሙና 30 በመቶ ይመልሱት።
4. ጩኸቱ በጣም ቶሎ ከመጣ የስኮፑን ፍሪኩዌንሲ ትንተና ያሂዱ። አንድ ሹል ጫፍ ከታየ፣ ለምሳሌ በ600 ኸርዝ፣ ኖች ፊልተሩን (አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያፍነውን) እዚያ ላይ ያድርጉና ደረጃ 3ን ይድገሙ።
5. ኢንቴግራል ጊዜውን ወደ 20 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቀስ በቀስ ያሳጥሩ። ጠረጴዛው ሲቆም በዝግታ ወዲያ ወዲህ ካለ በጣም አጥሯል።
6. የፍጥነት ጌይኑ 40 ኸርዝ ላይ ካረፈ፣ የፖዚሽን ጌይኑ ጣሪያ 40 በ6.28 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 63 በሰከንድ ገደማ ነው። በ40 ይጀምሩ።

በ40 የፖዚሽን ጌይን፣ በ500 ሚሊሜትር በሰከንድ ፍጥነት ጠረጴዛው ከትእዛዙ 12.5 ሚሊሜትር ወደኋላ ይቀራል፤ ፍጥነቱ ለጌይኑ ሲካፈል ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የሉፑ ጠባይ ነው። ፊድ ፎርዋርዱ (ስህተት ሳይጠብቅ የታዘዘውን ፍጥነት በቀጥታ ለፍጥነት ሉፑ የሚሰጠው) ከ0 ወደ 80 በመቶ ከፍ ሲል መቅረቱ ወደ 2.5 ሚሊሜትር ይወርዳል። 100 በመቶ ላይ መድረሻውን አልፎ የሚመለስ ከሆነ ማፍጠኛ ኩርባውን ለስላሳ ያድርጉት። የአላርሙን ወሰን ከዚህ ስሌት ተነስተው ያስቀምጡ፤ የመቅረቱን ልክ ሳያውቁ ወሰኑን ማስፋት ግጭትን መደበቅ ነው።

ቦታው ሲሸሽ

ከሁሉም በላይ የሚያደክመው ቅሬታ «ጠዋት ልክ ነበር፣ ከሰዓት 0.1 ሚሊሜትር ሸሸ» የሚለው ነው። ዳያል ጌጅ በጠረጴዛው ላይ ያስሩ፤ 100 ጊዜ አመላልሰው ወደዚያው ነጥብ ይምጡ። ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ ፒኤልሲው የላከው ፐልስ፣ ድራይቩ የተቀበለው ፐልስ፣ የኢንኮደሩ ንባብ።

ፒኤልሲውና ድራይቩ ካልተስማሙ ፐልስ በመንገድ ላይ እየጠፋ ወይም እየተጨመረ ነው፤ ሺልዱንና ግራውንዱን ይመልከቱ። ሁለቱ ተስማምተው ኢንኮደሩ ከጊሩ ስሌት ጋር ካልገጠመ ክፍልፋዩ ተሳስቷል። ሦስቱም ልክ ሆነው ዳያል ጌጁ ብቻ ከሸሸ ጥፋቱ ከሞተሩ በኋላ ነው፤ የማርከር መስመሩን ይዩ፣ ቀጥሎ የስክሩውን ጫፍ ኩሽኔታ ማሰሪያ ይፈትሹ።

መስመሩ ካልተሰበረና ሽሽቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት በኋላ ከሆነ ሙቀት ነው። ብረት በ1 ሜትር ለ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 12 ማይክሮን ያህል ይረዝማል፤ 800 ሚሊሜትር ስክሩ 10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ። ይህን ምንም ጌይን አይመልሰውም፤ ኢንኮደሩ በሞተሩ ላይ ስላለ የስክሩውን መርዘም አያየውም። ማሽኑን ከመለካት በፊት 20 ደቂቃ ባዶውን ማሮጥ፣ በየተወሰነ ዙር ሆሚንግ (መነሻ ነጥብን መፈለግ) መድገም፣ ወይም ልኩ ጥብቅ ከሆነ በጠረጴዛው ላይ ሊኒየር ስኬል (የጠረጴዛውን ቦታ በቀጥታ የሚለካ) መግጠም ነው።

ሽሽቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብቻ የሚታይ ከሆነ የአብሶሉት ኢንኮደሩን (ኃይል ሲጠፋም ቦታውን የሚያስታውሰውን) ባትሪ ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ 3.6 ቮልት ሊትየም ነው። የሚቀየረው የድራይቩ የመቆጣጠሪያ ኃይል በርቶ፣ ሞተሩ ግን ሰርቮ ኦፍ ሆኖ ነው። ኃይሉን አጥፍተው ባትሪውን ከነቀሉ የዙር ቆጠራው ይጠፋል፤ የማሽኑ መነሻ ነጥብም እንደ አዲስ መመዝገብ ይኖርበታል።